የትኛው ሚዛን? የፍልሚያ ስሌትና የኤክስፒ አከፋፈል ለከተማ ዳር የሚና ጨዋታ ቡድን

ከአያት፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎና ከሰበታ ተጠራርቶ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ የሚሰበሰብ የሚና ጨዋታ (እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ባለታሪክን ሚና ይዞ በዳይስ የሚጫወተው ታሪክ) ቡድን ሁለት ችግር አለበት። ሰዓቱ አጭር ነው፤ 8 ሰዓት ላይ ቢጀመር 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰው ስለ ታክሲ ማሰብ ይጀምራል። የሚመጣው ሰው ቁጥርም እስከ መጨረሻው ደቂቃ አይታወቅም፤ አምስት ተብሎ ሦስት ይሆናል፣ አንዳንዴ ደግሞ ስድስተኛ እንግዳ ይጨመራል። የፍልሚያ ስሌቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ መነሻ የሚያደርጉት አራት ሰው ሳይጎድል የሚገኝበትን ጠረጴዛ ነው።

የፍልሚያው ስሌት አንድ ውጊያ ለቡድኑ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚለካው ሒሳብ ነው፤ ኤክስፒ ደግሞ ጠላት ሲሸነፍ የሚከፈለውና ባለታሪኩን ከሌቭል ወደ ሌቭል የሚያሻግረው የልምድ ነጥብ ነው። ስሌቱና አከፋፈሉ አብረው መመረጥ አለባቸው። ስሌቱ የተሠራው ቡድኑ አስማቱንና የሕይወት ነጥቡን በሚያድስባቸው ሁለት እረፍቶች መካከል ስንት ጊዜ እንደሚዋጋ ገምቶ ነው። አከፋፈሉ ደግሞ ተጫዋቾቹ መዋጋት ይፈልጉ እንደሆነ ይወስናል፤ በምን እንደምትከፍሏቸው ካወቁ ያንኑ ያደርጋሉ። አንዱን ከአንዱ ሳያገናኙ መምረጥ ብዙ ዘመቻዎች (ከጨዋታ ወደ ጨዋታ የሚቀጥሉ ታሪኮች) ሦስተኛና አራተኛ ሌቭል ላይ የሚቆሙበት ዋና ምክንያት ነው ብለን እናምናለን።

ከዚህ በታች «መሪ» የምንለው ጨዋታውን የሚመራውን ሰው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ፍልሚያ በሁለት እትም

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን የሚና ጨዋታ ዛሬ በብዛት የሚጫወቱት በ2014 እና በ2024 እትሞቹ ነው። ልዩነታቸው በምሳሌ ይታያል። ሌቭል 3 የደረሱ አራት ባለታሪኮች በሱባ ጫካ ዳር ሲያልፉ አንድ የሽፍታ አለቃና ስድስት ሽፍቶች ይገጥሟቸዋል እንበል። በሁለቱም እትሞች አለቃው 450 ኤክስፒ፣ እያንዳንዱ ሽፍታ 25 ኤክስፒ ነው። ድምሩ 600 ይሆናል።

የ2014ቱ ስሌት በመጀመሪያ የቡድኑን መነሻ ቁጥሮች ያወጣል። በሌቭል 3 ለአንድ ሰው ቀላል 75፣ መካከለኛ 150፣ ከባድ 225፣ ገዳይ 400 ነው፤ ለአራት ሰው 300፣ 600፣ 900 እና 1,600። ቀጥሎ የጠላቶቹ ድምር እንደ ብዛታቸው ይባዛል፦ አንድ ጠላት በ1፣ ሁለት በ1.5፣ ከ3 እስከ 6 በ2፣ ከ7 እስከ 10 በ2.5፣ ከ11 እስከ 14 በ3፣ ከዚያ በላይ በ4። የእኛ ሰባት ስለሆኑ 600 በ2.5 ተባዝቶ 1,500 ይመጣል። ይህ ከባድ ነው፤ ገዳይ ለመባል የቀረው 100 ብቻ ነው።

የ2024ቱ እትም ማባዣውን አስቀርቶታል። ለሌቭል 3 በነፍስ ወከፍ 150 ዝቅተኛ፣ 225 መካከለኛ፣ 400 ከፍተኛ በጀት ይሰጣል፤ ለአራት ሰው 600፣ 900፣ 1,600። ሽፍቶቹ 600 ናቸው። አንዱ እትም ለሞት የቀረበ ያለው ፍልሚያ በሌላው «ዝቅተኛ» ሆኖ ቁጭ አለ።

የትኛው ልክ ነው የሚለውን ለማወቅ ኤክስፒውን ትታችሁ ዙሩን፣ ሁሉም ተራ በተራ አንዴ የሚንቀሳቀስበትን፣ ቁጠሩ። በ2014ቱ እትም ሽፍታው 11 የሕይወት ነጥብ አለው፣ አለቃው 65፤ ድምሩ 131። ሌቭል 3 ያለ ባለታሪክ የሚስታቸው ምቶች ታስበው በዙር 7 ያህል ጉዳት ያደርሳል ብንል አራቱ 28 ያደርሳሉ፤ ፍልሚያው አምስት ዙር ገደማ ይፈጃል። ወደ እናንተ የሚመጣውስ? የመከላከያ ቁጥሩ (ምቱ እንዲያርፍ ዳይሱ ሊደርስበት የሚገባው) 16 የሆነ ባለታሪክን ሽፍታው ከ100 ምት 40ውን ያገኘዋል፤ አማካይ ጉዳቱ 4.5 ስለሆነ በዙር 1.8 ይደርሳል፣ ስድስቱ 11 ገደማ። አለቃው በዙር ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ግማሹ ያርፍለታል፣ 9 ገደማ ያደርሳል። በመጀመሪያው ዙር በጠቅላላው 20 ጉዳት ማለት ነው። የአራቱ ባለታሪኮች የሕይወት ነጥብ ድምር 95 አካባቢ ቢሆን፣ ሽፍቶቹ እየወደቁ ጉዳቱ ቢቀንስ እንኳ፣ አንድ ሁለት ሰው መሬት ላይ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው።

አሁን አስማተኛው በመጀመሪያው ዙር ሻተር የተባለውን አስማት ሽፍቶቹ በተሰበሰቡበት ላይ ይጣል። አማካይ ጉዳቱ 13.5 ነው፤ መከላከል ያቃተው ሽፍታ በአማካይ ጉዳቱ ይወድቃል። ሦስቱ ቢወድቁ የሽፍቶቹ ጉዳት በግማሽ ቀነሰ፤ ከባድ የተባለው ፍልሚያም ቀለለ። ስለዚህ ቡድናችሁ ውስጥ ጅምላ የሚመታ አስማት ካለ የ2024ቱን ቁጥር እመኑ። ተዋጊ፣ ሌባና ቀስተኛ ብቻ ከሆናችሁ ግን የምትጫወቱት በ2024ቱም ቢሆን የድሮውን ማባዣ ለማመሳከሪያ ተጠቀሙበት፤ ደካማ ጠላት በብዛት ሲመጣ አዲሱ ስሌት አደጋውን አሳንሶ ያሳያል።

ሰው ሲቀር

ከአራቱ አንዱ ከሰበታ መምጣት አቃተው። በ2014ቱ ስሌት የሦስት ሰው መነሻዎች 225፣ 450፣ 675 እና 1,200 ናቸው፤ 1,500ው ገዳይ ሆነ። አንድ ሽፍታ ብቻ ቀንሱ። ስድስት ጠላት ስለሚቀር ማባዣው 2 ይሆናል፤ 575 በ2 ሲባዛ 1,150፣ ተመልሶ ከባድ። ባለ 25 ኤክስፒ ሽፍታ አንሥታችሁ ስሌቱ በ350 ወረደ። በጠረጴዛው ላይ ያለው አደጋ ግን የዚያን ያህል አልቀነሰም፤ የወረደው ማባዣው ከ7 ወደ 6 ሲሻገር በሚፈጥረው ዝላይ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ድንበር ላይ ስትደርሱ ከሚያስፈልገው አንድ ጨምራችሁ ቀንሱ፤ እዚህ ላይ ሁለት ሽፍታ ብታነሡ ይበጃል።

ሁለት ሰው ብቻ ከመጣ ማባዣው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ያው ሰባት ጠላት በ3 ተባዝቶ 1,800 ይሆናል፤ የሁለት ሰው ገዳይ መነሻ ደግሞ 800 ነው። ያን ቀን ፍልሚያውን ትታችሁ ከሽፍቶቹ ጋር ድርድር አጫውቱ። ስድስት ሲሞላ ማባዣው አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ 1,200 ለስድስት ሰው መካከለኛ ነው፣ ከባዱ 1,350 ላይ ስለሚጀምር።

በ2024ቱ ለሦስት ሰው በጀቱ 450፣ 675 እና 1,200 ነው፤ ሽፍቶቹ ዝቅተኛውን አልፈው መካከለኛው ውስጥ ይገባሉ። መጽሐፉ በአንድ ባለታሪክ ከሁለት በላይ ጠላት ሲኖር ቶሎ የሚወድቁ ደካማ ጠላቶች እንዲሆኑ ያሳስባል። ሰባት ለሦስት ከዚያ ልክ ያልፋል።

በተግባር የሚያዋጣው እያንዳንዱን ፍልሚያ በአንድ ወረቀት ላይ በሦስት ልክ መጻፍ ነው፦ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ሰው። ሰው ተቀምጦ እየጠበቀ ስልክ ላይ ማስላት ከሦስት ሰዓት ተኩሉ ሩቡን ይበላል። መብራት ከጠፋ፣ የስልክ ባትሪም ካለቀ፣ ወረቀቱ ብቻ ነው የሚቀረው። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ የባለታሪኮቹን ወረቀት ሁለት ሁለት አስነሡ፤ አንዱ ከመሪው ጋር ይቀመጥ፣ የራሱን ወረቀት እቤቱ የረሳ ሰው አይጠፋምና።

ቀኑን ማን ይቆጥረዋል

የ2014ቱን እትም ይዘው «ተጫዋቾቼ ሁሉን ነገር በሁለት ዙር ይጨርሱታል» የሚሉ መሪዎች ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ጠላቱ ላይ የለም፤ እረፍቱ ላይ ነው። ያ እትም አንድ ቡድን በሁለት ረጅም እረፍቶች መካከል ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ፍልሚያ ይችላል ብሎ ነው ያሰበው፤ በመካከሉ ሁለት አጭር እረፍት እየወሰደ። በሌቭል 3 የቀኑ በጀት በሰው 1,200 ነው፣ ከማባዣው ጋር ተሰልቶ፤ ለአራት ሰው 4,800። የእኛን 1,500 ፍልሚያ ከሦስት ጊዜ በላይ ይይዛል።

በሦስት ሰዓት ተኩል ጨዋታ ግን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ፍልሚያ ነው የሚጠናቀቀው። አራት ተጫዋች ያለበት ዙር ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ከፈጀ አምስት ዙር አንድ ሰዓት ነው። ጨዋታው ባለቀ ቁጥር ባለታሪኮቹ ተኝተው ከተነሡ አስማተኛው ያለውን ሁሉ በአንዱ ፍልሚያ ላይ ያፈሳል። ተዋጊው ደግሞ ጥንካሬው ቀኑን ሙሉ አለመድከሙ ስለሆነ ከአስማተኛው አጠገብ ምንም ያልሠራ ይመስላል።

መፍትሔው የጨዋታውን ማለቂያ ከእንቅልፍ መለየት ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስታቆሙ ባለታሪኮቹ በቆሙበት ይቁሙ፤ የቀረውን አስማትና የሕይወት ነጥብ በወረቀቱ ላይ ጽፋችሁ ሂዱ። ረጅም እረፍት በሦስት ጨዋታ አንዴ ብቻ እንዲገኝ አድርጉ። የ2014ቱ የመሪ መጽሐፍ ራሱ አጭሩን እረፍት 8 ሰዓት፣ ረጅሙን 7 ቀን የሚያደርግ አማራጭ አለው፤ ከጎጆ ወደ ጎጆ፣ ከገዳም ወደ ገዳም ለሚጓዝ ዘመቻ በጣም ይስማማል። የ2024ቱ እትም የቀን በጀት ሰንጠረዡን ስላወጣው ይህ ስሌት ከመሪው ላይ ወርዷል፤ እኛ ግን የእረፍቱን ቁጥጥር በዚያም እትም እንመክራለን።

ቁጥር የማያያቸው ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው አንድ ምት ነው። ኦገር የተባለው ግዙፍ ጭራቅ 450 ኤክስፒ ነው፤ ለአራት ሌቭል 1 ባለታሪኮች ከገዳዩ 400 ትንሽ አለፈ ይላል ስሌቱ። ነገር ግን የኦገሩ ዱላ ሁለት ባለ 8 ገጽ ዳይስ ሲደመር 4 ጉዳት ያደርሳል። 7 የሕይወት ነጥብ ያለው አስማተኛ 14 እና ከዚያ በላይ ከደረሰበት፣ የተረፈው ጉዳት ከሙሉ የሕይወት ነጥቡ ጋር ስለሚተካከል፣ የማዳኛ ዳይስ እንኳ ሳይጥል እዚያው ይሞታል። ይህ ዱላው ካረፈ ከ64 ዕድል በ28ቱ ይሆናል፤ ወደ 44 በመቶ። ሌቭል 1 ላይ ከማንኛውም ድምር በፊት የጠላቱን አማካይ ጉዳት ከደካማው ባለታሪክ የሕይወት ነጥብ እጥፍ ጋር አስተያዩ። ከተቀራረቡ ጠላቱን ለሌቭል 3 አቆዩት።

ሁለተኛው ርቀት ነው። የ2014ቱ ሽፍታ ቀላል ክሮስቦው (በማስፈንጠሪያ የሚተኮስ ቀስት) ይዟል፤ እስከ 80 ጫማ፣ 24 ሜትር ያህል፣ ሳይቸገር ይተኩሳል። ባለታሪክ በዙር የሚሄደው 9 ሜትር ነው። ሽፍቶቹን በወጨጫ ተዳፋት ላይ ከድንጋይ ጀርባ ብታስቀምጧቸውና ዳገቱ ፍጥነትን በግማሽ ቢቀንስ፣ ባለሰይፉ አምስት ዙር ሲወጣ ይተኮስበታል። ኤክስፒው ያው 600 ነው፤ ፍልሚያው ግን ሌላ ነው። ጠላት ከላይ፣ ከርቀት ወይም ከመከለያ ጀርባ ሲሆን ስሌቱን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት።

ፓዝፋይንደር፣ ሁለተኛ እትም

ፓዝፋይንደር ሌላ የሚና ጨዋታ ነው፤ በ2019 የወጣው ሁለተኛ እትሙ ካየናቸው ሁሉ በቁጥሩ የሚታመን ነው። ጠላት ቋሚ ኤክስፒ የለውም፤ ዋጋው ከቡድኑ ሌቭል አንጻር ይወጣል። ከቡድኑ ጋር እኩል ሌቭል ያለው 40 ነው። አንድ ሲበልጥ 60፣ ሁለት 80፣ ሦስት 120፣ አራት 160። አንድ ሲያንስ 30፣ ሁለት 20፣ ሦስት 15፣ አራት 10። በጀቱ ለአራት ሰው መካከለኛ 80፣ ብርቱ 120፣ የመጨረሻው ከባድ 160 ነው። ለሌቭል 3 ቡድን ሌቭል 4 አለቃ ከሦስት ሌቭል 1 ሽፍቶች ጋር 60 እና 60፣ 120፤ ብርቱ። አለቃው ከአንድ ሽፍታ ጋር 80፤ መካከለኛ። በቃ ይኸው ነው።

ሰው ሲቀር መካከለኛው በ20፣ ብርቱው በ30 ይቀንሳል፤ ሲጨመርም እንዲሁ ያድጋል። የሚከፈለው ኤክስፒ ግን አይለወጥም፤ ብርቱ ፍልሚያ ለሦስትም ለአምስትም ሰው 120 ለእያንዳንዱ ይከፍላል። የተጫዋች ቁጥር ለሚዋዥቅበት ጠረጴዛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው በመቅረቱ ማንም አይጎዳም፣ ማንም አያተርፍም።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ይህ ጨዋታ ቡድኑ እያንዳንዱን ፍልሚያ በጤናው እንደሚጀምር ያስባል፤ ከፍልሚያ በኋላ 10 ደቂቃ ወስዶ ቁስል የሚያክም ሰው ከሌላችሁ መካከለኛው ፍልሚያ ሦስተኛው ላይ ብርቱ ይሆናል። ሌላው ብቻውን የሚመጣ አለቃ ነው። በዚህ ጨዋታ የመከላከያ ቁጥርን በ10 ያለፈ ምት እጥፍ ጉዳት ያደርሳል፤ የሌቭል ብልጫ ደግሞ ጥቃቱንም መከላከያውንም አብሮ ያሳድጋል። ሦስት ሌቭል የሚበልጥ አንድ ጠላት 120 ነው፣ አራት ትናንሽ ጠላቶችም 120 ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ለሌቭል 1 እና 2 ቡድን ተስፋ አስቆራጭ ነው፤ ተጫዋቾቹ እየሳቱ፣ እሱ እያገኘ። እስከ ሌቭል 4 ድረስ አለቃችሁ ከቡድኑ በሁለት ብቻ ይብለጥ።

ዋጋው ጥናት ነው። ሕጉ ብዙ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ይዘገያሉ። በሌላ በኩል ሕጉ ሁሉ አርካይቭስ ኦፍ ኔቲስ በሚባለው ድረ ገጽ በነጻ ይነበባል፤ መጽሐፍ ማስመጣት አያስፈልግም።

የድሮው መንገድ

በ1981 የወጣው መሠረታዊ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስና ዛሬ እሱን ተከትለው የሚታተሙ ጨዋታዎች ፍልሚያን በሰንጠረዥ አይመዝኑም። በቦታው ሦስት መሣሪያ ይሰጣሉ። የመጀመሪያው አቀባበል ነው፤ ጠላት ሲገኝ መሪው ሁለት ባለ 6 ዳይስ ይጥላል፤ 2 ከሆነ ወዲያው ጥቃት፣ ከ3 እስከ 5 ጠላትነት፣ ከ6 እስከ 8 ጥርጣሬ፣ ከ9 እስከ 11 አይነካም፣ 12 ወዳጅነት። ሁለተኛው ወኔ ነው፤ ከጠላት ወገን የመጀመሪያው ሲሞትና ግማሹ ሲወድቅ ሁለት ዳይስ ይጣላል፣ ከወኔ ቁጥራቸው ካለፈ ይሸሻሉ። የሽፍታ ወኔ 8 ነው፤ በሁለቱ ፍተሻዎች ውስጥ የመሸሽ ዕድሉ 48 በመቶ ያህል ነው። ሦስተኛው ክፍያው ነው፤ አንድ የወርቅ ሳንቲም ከዋሻው ወጥቶ በሰላም ቦታ ሲደርስ አንድ ኤክስፒ ይሆናል።

ቁጥሩን እዩት። ባለ አንድ ደረጃ ሽፍታ 10 ኤክስፒ ነው፤ ሰባቱን ገድለው አራት ሰው ቢካፈሉ ለአንዱ 17 ያህል ይደርሰዋል። ተዋጊ ወደ ሌቭል 2 ለመሻገር 2,000 ያስፈልገዋል። ሽፍቶቹ የደበቁት 800 ወርቅ በዘዴ ቢወጣ ግን ለእያንዳንዱ 200 ነው። ተጫዋቹ ይህን ሲያይ ሰይፉን አስገብቶ መላ መፈለግ ይጀምራል። ይህ አካሄድ ሳይመጣጠን ተመጣጥኗል፤ ከባድ ፍልሚያ መኖሩ ችግር የማይሆነው ማንም እንዲዋጋ ስለማይገደድ ነው።

መሪው መጠንቀቅ ያለበት የሀብቱ መጠን ላይ ነው። አራቱ እኩል ከተካፈሉ ሌባው በ1,200፣ ቄሱ በ1,500፣ ተዋጊው በ2,000፣ አስማተኛው በ2,500 ሌቭል 2 ይሆናሉ። ሌባው እንዲያልፍ በጠቅላላው 4,800 ወርቅ መውጣት አለበት፤ አስማተኛው እንዲያልፍ 10,000። በአንድ ጨዋታ 400 ወርቅ ብቻ የምታስቀምጡ ከሆነ ሌባው እንኳ 12 ጨዋታ ይጠብቃል፤ ሰው ከዚያ በፊት ይበተናል። በጨዋታ ከ1,500 እስከ 2,000 የሚገኝበት ዕድል ይኑር፤ ሁሉንም እንደማያገኙትም አስቡ።

ተጫዋች ለሚዋዥቅበት ጠረጴዛ ይህን የሚስተካከል የለም። ጨዋታው ሁልጊዜ ሠፈር ውስጥ ተጀምሮ ሠፈር ውስጥ ያልቃል፤ ከዋሻ ሳይወጡ 11 ሰዓት ተኩል ከሆነ ወርቁ አልተቆጠረም። ሰዓቱ ራሱ ለጨዋታው ውጥረት ይጨምርለታል። የቀረ ሰው ኤክስፒ አያገኝም፣ ግን ብዙ አይጎዳም፤ የመጀመሪያዎቹ ሌቭሎች ወጪ በእጥፍ ስለሚያድግ ሌሎቹ አንድ ሌቭል ሲወጡ እሱ ይደርስባቸዋል።

በምን ይከፈል

ላሸነፉት ጠላት መክፈል በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነባሪው መንገድ ነው፤ ማባዣው ለሚዛን ብቻ እንጂ ለክፍያ አይገባም። የእኛ ሽፍቶች ለእያንዳንዱ 150 ይከፍላሉ፣ 375 የሚሉ መሪዎች ማባዣውን በስሕተት ያስገቡ ናቸው። ከሌቭል 3 ወደ 4 የሚወስደው 1,800 ስለሆነ 12 እንዲህ ያለ ፍልሚያ ያስፈልጋል። በሳምንት አንድ ፍልሚያ ለሚጨርስ ጠረጴዛ ሦስት ወር ነው። በዚያ ላይ ተጫዋቹ የሸሸውን ሽፍታ በጨለማ ማሳደድ ይጀምራል፣ ያልተገደለ አይከፈልም ብሎ ስለሚያስብ። ይህን መንገድ ከያዛችሁ ለሸሸ፣ ለተማረከና በንግግር ለተመለሰ ጠላት ሙሉውን ክፈሉ።

በጨዋታ ብዛት ሌቭል ማሳደግ ለአጭር ሰዓት በጣም ይመቻል። የ2014ቱ የመሪ መጽሐፍ የሚመክረው ልክ፦ ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ ሌቭል 2፣ ከሁለተኛው በኋላ 3፣ ከሌላ ሁለት በኋላ 4፣ ከዚያ በየሁለት ወይም ሦስት ጨዋታው አንድ። ምንም ሒሳብ የለውም። ጉዳቱ ተጫዋቹ በቅዳሜዋ ያደረገው ነገር ለውጥ እንዳላመጣ መሰማቱ ነው። በታሪኩ ምዕራፍ ሌቭል መስጠትም የሚጋራው ጉዳት አለው፤ መሪው የጠበቀውን በር እስኪያገኙ ድረስ ሁሉም ይቆማል። ምዕራፉን ቀድማችሁ ለተጫዋቾቹ ከነገራችሁ ግን ጥሩ መንገድ ይሆናል፤ «የጠፋው ታቦት ከተመለሰ ሌቭል 5» ሲባል ዓላማ ያገኛሉ።

ፓዝፋይንደር ሁለቱን ያዋሕዳል። ማንኛውም ሌቭል 1,000 ኤክስፒ ነው፤ ለትንሽ ስኬት 10፣ ለመካከለኛ 30፣ ለትልቅ 80 ይከፈላል። በአንድ ቅዳሜ ሁለት መካከለኛ ፍልሚያ 160፣ አንድ መካከለኛና አንድ ትንሽ ስኬት 40፤ ድምር 200። በአምስት ጨዋታ አንድ ሌቭል። ከዘገየባችሁ መጽሐፉ ሌቭሉን በ800 እንድታደርጉት ይፈቅዳል፤ አራት ጨዋታ ይሆናል።

ማን የቱን ይያዝ

ቁጥራችሁ የማይታወቅ ከሆነና መሪው ለዝግጅት ጊዜ ከሌለው የድሮው መንገድ ከወርቅ ክፍያ ጋር። ዳይሱም ይቀላል፤ አቀባበል፣ ወኔና የቅድሚያ ተራ ሁሉ በሉዶ ዳይስ ይሠራሉ። ለጥቃቱ ባለ 20 ዳይስ ካልተገኘ ከ1 እስከ 10 የተጻፈባቸው ወረቀቶች በኩባያ ውስጥ አድርጉ፤ አንዱን አውጡ፣ ከሉዶ ዳይስ ጋር ጣሉ፤ ከ1 እስከ 3 ምንም አይጨምርም፣ ከ4 እስከ 6 አሥር ይጨምራል። ወረቀቱ ሁልጊዜ ወደ ኩባያው ይመለስ፤ ካልተመለሰ የቀሩት ቁጥሮች ዕድል ይዛባል።

አራት ወይም አምስት የማይቀሩ ሰዎች ካላችሁ፣ ፍልሚያውም የምትወዱት ከሆነ፣ ፓዝፋይንደር ከነክፍያው። ታሪኩ ለሚበልጥባቸውና ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ለለመዱ የ2024ቱ በጀት፣ ሌቭል በጨዋታ ብዛት፣ እረፍት በሦስት ጨዋታ አንዴ። የ2014ቱን ወረቀት አሳትመው የያዙ ለአዲሱ ብለው አይጨነቁ፤ ማባዣውን ጅምላ አስማት ባለበት በአንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይበቃቸዋል። የ2014ቱ መሠረታዊ ሕግ ከ2023 ጀምሮ በነጻ ፈቃድ ስለተለቀቀ ጠላቶቹንም አስማቱንም ያለ ክፍያ ማተም ይቻላል።

የወኔ ዳይስ የትኛውንም ብትይዙ ተዋሱት። 11 ሰዓት ሲሆን ሦስት ሽፍታ ከቀረ እነሱን አንድ በአንድ መጨረስ 20 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ዳይስ ጥሎ 9 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ወደ ጫካው ይበተናሉ።

በዘመቻ መካከል መንገድ ለመለወጥ ከፈለጋችሁ የባለታሪኮቹን ኤክስፒ ለመተርጎም አትድከሙ። በሌቭሉ ውስጥ የተጓዙትን ድርሻ ብቻ ውሰዱ። በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሌቭል 3 ከ900 ይጀምራል፣ ሌቭል 4 ከ2,700፤ 1,800 ላይ ያለ ባለታሪክ ግማሽ መንገድ ሄዷል። በፓዝፋይንደር 500 ኤክስፒ ይዞ ሌቭል 3 ላይ ይጀምራል፤ በጨዋታ ብዛት ከሆነ ደግሞ ከሁለቱ ጨዋታ አንዱ ተቆጥሮለታል። ለውጡን ሌቭል ካለፉ በኋላ ባለው ጨዋታ አድርጉት፤ ያኔ የሁሉም ወረቀት ለማንኛውም ስለሚጻፍ ተጨማሪ ሰዓት አይወስድም።